የላቬንደር ዘይትና የልጄ እንቅልፍ

ሌላ ልጅ ዓይኑን ማሸት በሚጀምርበት ሰዓት የእኔ ልጅ ትነቃ ነበር። ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ፊቷ ይለወጣል። የያዘችውን ትጥላለች፣ ጫማዋን ፈልጋ ታነሣለች፣ ከዚያ በሩ ሥር ሄዳ ትቆማለች። «እንሂድ» ትላለች። «የት ነው የምንሄደው የኔ እመቤት?» ስላት በሩን በመዳፏ ትመታለች። ካልሄድን ታለቅሳለች። ልቅሶ ስላችሁ የልጅ ልቅሶ አይምሰላችሁ፤ ድምፅዋ እስኪሰልል፣ ከንፈሯ እስኪጠቁር ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ አላስፈለገንም። ወደ ሱዳን ስንወርድ ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ እየተደበቅን የምንጓዘው ሲመሽ ነበር። ያኔ ጡት አልተወችም። ጀምበር ስትጠልቅ ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አዝላታለሁ፤ እንዳይሰማብን አፏን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያልኩ እሄዳለሁ። እኛ ትልልቆቹ፣ እስራኤል ስንደርስ፣ መንገዱ አለቀ አልን። ለእሷ ማን ይንገራት? ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ገብተን፣ ሻአሪያ ሰፈር ከአንድ ሕንፃ አራተኛው ፎቅ ላይ ቤት ተሰጥቶን፣ ውኃ ከግድግዳ እየቀዳን፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት እንኳ ሲጨልም የእሷ ሰውነት ይነሣ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄና አማቴ። ባለቤቴን ለወታደር ሥልጠና ወስደውት ለሰንበት ብቻ ነበር የሚመጣው። እኔ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት እሠራ ነበር። ሳይነጋ ወጥቼ፣ አውቶቡስ ቀይሬ፣ ቤት የምደርሰው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ያቺ ክፉ ሰዓት፣ ልጅቷን የማስተኛቱ ነገር፣ በአማቴ ጫንቃ ላይ ወደቀች። ጎበዝ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ሲያርሱ የኖሩ። ያላሳደጉት ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ይቺ አንዲት ፍሬ ልጅ ግን አሸነፈቻቸው፣ እሱም አንገበገባቸው።

ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤታችን የየመን ሰው ነበረች። ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም፤ በእብራይስጥ አንቱታ ስለሌለ ግን እኔም ሳልወድ አንቺ እላት ነበር፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ምላሴ እየተያዘ። በረንዳዋ ላይ የዱባ ዘር የሚያህል ቦታ ባዶ አትተውም። በየጣሳው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ደግሞ እኔ ከዚያ በፊት ያላየሁት ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ አመድማ የሆነ ተክል ነበራት፤ ላቬንደር። ልጄ ስታለቅስ ማታ ማታ ትሰማለች። አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ የደረቀ አበባውን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍታ አመጣችልኝ።

«ለትራስ አይደለም፤ ለቤቱ ነው» አለችኝ። «ከፍ አድርገሽ ስቀይው፤ እጇ የማይደርስበት። አልጋዋ ላይ እንዳታደርጊው። እንቅልፍ ሲወስዳት አውጪው።»

እንዳለችው አደረግን። ማታ ማታ አማቴ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ያጥባሉ፣ የሌሊት ልብሷን ያለብሳሉ፣ ከረጢቱን የቁም ሣጥኑ እጀታ ላይ ይሰቅላሉ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገው ተረት ይጀምራሉ። ተአምር አልሆነም፤ ልቅሶው አልቀረም። ግን ከበሩ ሥር አንዳንዴ ቶሎ ትመለስ ጀመር። አፍንጫዋን ወደ ሣጥኑ ቀና አድርጋ ሽታውን ስትስብ «አየሻት? ወዳዋለች» ይሉኛል አማቴ።

አማቴና ጎረቤታችን ቋንቋ ለቋንቋ አይሰማሙም፤ ሲጨዋወቱ ግን ልትሞቱ ነው በሳቅ። አንዷ በአማርኛ ታወራለች፣ አንዷ በራሷ ቋንቋ ታወራለች፣ ሁለቱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎረቤታችን የላቬንደር ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻቸው። በእኔ በኩል ደጋግማ አስነገረቻቸው፤ ጥቂት ጠብታ ከወይራ ዘይት ጋር ቀላቅሎ ጉልበት ማሸት ብቻ። አማቴም አሹት፣ ደስም አላቸው።

የሆነውን እንድትረዱልኝ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው የቅቤው ነገር ነው። በኛ አገር ልጅ ሲወለድ ለጋ ቅቤ ይውጣል፤ እናቱ ወይ አያቱ ጣቷን ቅቤ ነክራ ታልሰዋለች። እርግብግቢቱ ላይም ይደረግለታል። ለአናት የሆነ ለሆድም ነው፣ የሚቀባ ሁሉ የሚዋጥ ነው። አማቴ እንዲህ ነው ያሳደጉት፤ እንዲህ ነው ያደጉትም።

ሁለተኛው እንደመጣን ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ልጅቷን ለክትባት ስንወስዳት አማቴ ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥረው አንገቷ ላይ አስረውላት ነበር። ነርሷ አየችው። በመቀስ ቆረጠችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። እውነቷን ነው፣ በአንገት ክር ልጅ ሊታነቅ ይችላል፤ ይሄንን በኋላ ገባኝ። ግን እሳቸው ፊት፣ እንደ ቆሻሻ! አማቴ ያን ቀን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለልጅቷ ምን እንዳደረጉ የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ «ምንም»።

የዚህ አገር ክረምት ነበር፤ ቶሎ ይመሻል። ከአውቶቡስ ወርጄ ሕንፃው ውስጥ ገባሁ። ሌላ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ድምፅዋ ይሰማኛል። ሁለተኛው ፎቅ ደረስኩ። የለም። ሦስተኛው ደረስኩ። የለም። ጎረቤታችን ከላይ ከበሯ ወጥታ በደረጃው ብረት ላይ ጎንበስ ብላ «ዛሬ እኮ ጸጥ አለችልሽ» አለችኝ በደስታ። እኔም ልቤ ዘለለ። የቀሩትን ደረጃዎች እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን ረገጥኩ።

በሩን ስከፍተው ሽታው ተቀበለኝ። ለወትሮው ሽው የሚል ነበር፤ ዛሬ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮቱ በብርዱ ምክንያት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። አማቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በእግራቸው ጣት እየተራመዱ መጡ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት በርቷል።

«ተኛች» አሉኝ በሹክሹክታ። «ገና ብርሃን ሳለ! እኔ ነኝ ያስተኛኋት!»

አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ። ፀጉሯ በዘይት ረጥቧል። የልብሷን አንገትጌ ገለጥ ሳደርግ ደረቷ ቀልቷል፣ ፍም እንደነካው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኋት። ሽታው ከፀጉሯ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። ከትንፋሽዋ ነበር።

ስሟን ጠራሁ። አልሰማችኝም። ጉንጯን ነካሁት፣ ሳብ አደረግኋት፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

«ኧረ ተያት! ምን ሆነሻል?» አሉ አማቴ። «ስንት ወር ያጣችውን እንቅልፍ ዛሬ ብታገኝ ልትቀሰቅሻት?»

«እማማ፣ ትንፋሽዋ ይሸታል።»

«ቤቱ ሁሉ ይሸታል፤ ትንፋሽዋ ምን ይሽተት ኖሯል?»

እንግዲህ ያን ሰዓት የኔ ጭንቅ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ያንን እንቅልፍ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ! ተንበርክኬ፣ ከአልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ አልቅሼ ለምኛለሁ። አሁን ተሰጠኝ፣ እኔም ፈራሁት። ልጄ ዕረፍት ነው ያገኘችው ወይስ እየሄደችብኝ ነው? ይሄን የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይቱን ውጣዋለች ወይስ አልዋጠችውም፣ ከዋጠችስ ምን ያህል? ያንን የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሰው ናቸው። እሳቸውን «አጠጥተዋታል?» ብዬ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ምራት አማቷን አታፋጥጥም፣ ያ አንድ ነገር ነው፤ እሱን እንኳ ያን ሰዓት እጥሰው ነበር። ግን ብጮህባቸው ያቺን ነርስ ነው የምሆንባቸው። «ምንም» ይሉኛል፤ ሰው አንዴ ምንም ካለ ደግሞ ከዚያ መመለሱ ከባድ ነው።

ድምፄን እንደምንም አስተካከልኩ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «እውነትም ተኝታለች። እኔ እኮ አልቻልኩበትም። ነገ ሰንበት ሲገባ እኔ ነኝ የማስተኛት፤ እንዴት እንዳደረጉላት ያሳዩኝ።»

አዩኝ። የልጅቷን ብርድ ልብስ ጫፍ አስተካከሉ። ሰከንዱ ሁሉ ልጄን የሚወስድብኝ መሰለኝ፤ ግን አላቻኮልኳቸውም።

«ለማወቅ ነው?»

«ለማወቅ ነው።»

«ያንቺ እናት አላሳየችሽም እንዴ የቅቤውን?» አሉ፣ እየተኩራሩ። ብልቃጡን ከመቀነታቸው ሥር አወጡ። «መጀመሪያ አናቷን። ከዚያ ደረቷን፣ እዚህ ጋ። ከዚያ…» ሌባ ጣታቸውን ብልቃጡ አፍ ላይ ደፍተው ነከሩ። «አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ጣታቸውን ምላሴ ላይ አደረጉ።

አቃጠለኝ። መረረኝ፣ ከዚያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላ። አማቴ ጣታቸውን ደግመው ሊነክሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ስንቴ እማማ?»

«ሦስት። እንደ ቅቤው ሦስት ነው እንጂ። በሁለተኛው ፊቷን አኮሳተረች፣ በሦስተኛው…» ቆሙ። ፊቴን አዩት። እንባዬን አዩት። ብልቃጡን ቀስ ብለው አሸተቱት፤ ከዚያ እንደኔ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። እሳቸው እስካሁን አልቀመሱትም ነበር።

«ውይ» አሉ። ያንን «ውይ» እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ልጄን አንሥቼ በሩን በእግሬ ከፈትኩት። ጎረቤታችን ሽታውንም ሩጫውንም ሰምታ ወጥታለች፤ በተሰባበረ እብራይስጤ «ዘይቱን፣ በአፏ» አልኳት። አማቴ ከኋላዬ ደረሱና «እናስመልሳት! ጣት እንስደድባት!» ብለው የልጅቷን አገጭ ያዙ። ጎረቤታችን እጃቸውን ይዛ አወረደችው።

«አይሆንም! በያቸው፣ አይሆንም!» አለችኝ። «የእህቴ ልጅ ነጭ ጋዝ ጠጥቶ ሲያስመልሱት ሳንባው ውስጥ ገባበት። ዘይት እንደሱ ነው። ያላ፣ ቶሎ፣ ሐኪም ጋ!»

ሐኪም ቤቱ ሁለት መንገድ ወዲያ ነበር። ሮጥኩ። ጎረቤታችን ብልቃጡን ከአማቴ ተቀብላ ከጎኔ ትሮጣለች፣ በነጠላ ጫማ። አማቴ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ከኋላ። ዘወር ስል ራሳቸው ላይ ነጠላቸው የለም። ነጠላ ሳይደርቡ ደጅ ወጥተው አያውቁም፤ ለጎረቤት በር እንኳ። መንገዱን ሁሉ የልጄን ስም እየጠራሁ፣ ጀርባዋን እያሸሁ፣ ትንፋሽዋ አንገቴን ሲነካኝ «አለች» እያልኩ፣ ሳይነካኝ ሲዘገይ ደግሞ ነቅነቅ እያደረግኋት ሄድኩ።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነበር፤ እብራይስጡ እንደኔው ከሌላ አገር የመጣ። ብልቃጡን አሸተተ። ልጅቷን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ደረቷን አዳመጠ።

«ምን ያህል ዋጠች?»

ሌባ ጣቴን አሳየሁት፤ ከዚያ ሦስት ጣት። «እንዲህ ነክሮ፣ ሦስት ጊዜ። እኔም ቀምሻለሁ። ያቃጥላል።»

«እርግጠኛ ነሽ? ከብልቃጡ አልጠጣችም?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አስታወካት? አሳላት?»

አላስታወካትም፤ ስለ ሳሉ ግን አላውቅም። ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ የቆረጠችባቸውን ነርስ ዓይነት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መሀል። «ምንም» የሚሉ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንዴ አሳላት፤ ከዚያ ተዋት» አሉ። ቀጥለው ሳይጠየቁ ወደ ሐኪሙ ቀረብ አሉና ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ ነኝ ያጠጣኋት በይው። እሷ ሥራ ነበረች፣ አታውቅም በይው። የሚቆጣ ከሆነ እኔን ይቆጣ።»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ አማቴን አየና ወንበር ስቦ ሰጣቸው። አልተቆጣም። «ማስመለስ አለመሞከራችሁ ጥሩ ነው» አለ። «አሁን የምፈራው ትንፋሽዋን ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ያላትም ከዘይቱ ሊሆን ይችላል። እንጠብቃለን። መተንፈስ ካስቸገራት በአምቡላንስ ሆስፒታል እንልካታለን።»

ደረቷንና ፀጉሯን በሳሙና አጠብናት። ከዚያ ጠበቅን። ሐኪሙ እየገባ ያዳምጣታል፣ ይወጣል። ሌላ በሽተኛ ያክማል፣ ይመለሳል። ጎረቤታችን በየመን ዜማ የሆነ ነገር ታጉረመርማለች፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁትም። አማቴ የልጅቷን እግር ጨብጠው ይዘዋል። ማንም ማንንም አላየም።

በመጨረሻ ሐኪሙ የማዳመጫውን ብረት ደረቷ ላይ ሲያሳርፍ ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ብረቱ ቀዝቅዟት ይሆናል። ዙሪያዋን አየች፣ ነጩን ልብስ አየች፣ አፏን ከፈተችና ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ሐኪሙ ሊይዛት ሲል እጁን ነከሰችው።

«በሰደር፣ በሰደር!» አለ በእብራይስጥ፣ «እሺ፣ እሺ» እንደማለት፣ እጁን እያራገፈ። «እንዲህ የሚጮህ ሳንባ ደህና ነው።»

አማቴ ወንበሩ ላይ ተሰብስበው እልል አሉ። ሐኪም ቤት ውስጥ! ነርሶቹ ሁሉ ብቅ ብቅ አሉ።

ያም ሆኖ እስኪዘጉ ድረስ አልለቀቁንም። ስንወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ነገረኝ። ዘይቱ በአፍ አይገባም፣ በሕፃን ገላና ፊት ላይ አይደረግም፣ ልጅ ከማይደርስበት ተቆልፎ ይቀመጥ። የደረቀው አበባ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቢሰቀል አይጎዳም፤ መስኮት ገርበብ ይበል፤ ሳል ወይ ሽፍታ ካየሽ እሱንም ተዪው። «እንቅልፍ የሚያስተኛት ግን እሱ አይደለም» አለኝ። «ጊዜ ነው።»

በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። ከሰንበት በኋላ ግን አለቃዬ ሌላ ቀን ከቀረሁ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ አስጠንቅቆኝ ስለነበር የግድ መሄድ ነበረብኝ። ቤቱ የሚኖረው በኔ ደሞዝ ነው። ያን ጊዜ ነው አማቴ የተነሡብኝ።

«እኔ ከእንግዲህ አልነካትም» አሉ። «ሰው ፈልጊ። ያቺ የመናዊት ትያዛት።»

«እማማ፣ እሷ የራሷ ሥራ አላት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ አገር የማውቀው ሁሉ መርዝ ሆኗል። ብገድላትስ?»

ምን ልበላቸው? እንደማይፈራ ሰው ልናገር ብዬ ነበር፤ እኔም ፈርቻለሁ። አያቷን ፈርቻለሁ ማለት አይደለም፤ የማላየውን ሰዓት ነው የፈራሁት። ብልቃጡን ለጎረቤታችን መልሼ ሰጥቻለሁ። ከረጢቱ ተሰቅሏል። ሌላ ልናገረው የምችለው ማስጠንቀቂያ ሞልቶ ነበር፤ አፌ ላይ ተደርድሮ ነበር። ሁሉንም ዋጥኩት። አንዱን እንኳ ብናገር ዳግመኛ ደብቀው ነው የሚያደርጉት፣ ወይም ዳግመኛ ልጅ አያቅፉም።

ልጅቷን አንሥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት። «ከአንቱ ጋር ናት» ብዬ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ወደ ኋላ አላየሁም።

ያን ቀን ወለሉን እንዴት እንዳጠብኩት አላውቅም። አንዱን ኮሪደር ደጋግሜ አጥቤዋለሁ መሰለኝ፤ አለቃዬ ዛሬስ አበዛሽው አለኝ። አውቶቡሱ በየፌርማታው የቆመው እኔን ለማሠቃየት ይመስለኝ ነበር። ወርጄ ሕንፃው ውስጥ ስገባ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ነው የወጣሁት።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጩኸቷ ተቀበለኝ። የደረጃውን ብረት ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስገባ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ቤቱ የሳሙናና ትንሽ የአበባ ሽታ ብቻ ነው ያለው። አማቴ በሩ ሥር መሬት ላይ ከእሷ ጋር ተቀምጠዋል፤ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ሻሻቸው ተፈትቶ ወርዷል። አዩኝና ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

«አልተኛችም» አሉኝ።

«እሰይ» አልኩ።

«ምኑ ነው እሰዩ?» አሉና ልጅቷን ወደኔ ገፋ አደረጓት። «እንኪ ተቀበይኝ! ጆሮዬን እኮ አደነቆረችው።»